ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ የማራካይቦ ሐይቅ ውጊያ

ባለፈው ዕትም ስለ ደቡብ አሜሪካ የነፃነት ጦርነቶች ስንጽፍ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1823 በቬንዙዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ላይ ለተደረገው ውጊያ የሰጠነው አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። ከባሕር ዳር፣ ከዘጌና ከጎርጎራ የደረሱን ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለዚያ አንቀጽ ነው። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ስለ ሐይቅ ውጊያ ማወቅ ቢፈልግ ተገቢ ነውና የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የሽርሽር ጀልባ ነጂ ነኝ። የጦር መርከቦች ሐይቅ ላይ ተዋጉ የምትሉት ነገር አልገባኝም። የባሕር መርከብ ሐይቅ ውስጥ በየት በኩል ይገባል? እንዲህ ያለ ነገር ጣና ላይ ይሆን ነበር?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጣና ላይ አይሆንም ነበር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ መውጫው ዓባይ ብቻ ነው፤ ዓባይ ደግሞ ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ ጢስ ዓባይ ላይ ገደል ይገባል። ከባሕር ተነሥቶ ጣና የሚደርስ መርከብ የለም።

ማራካይቦ ሐይቅ ይባል እንጂ ከባሕር ጋር እኩል ደረጃ ላይ ያለ፣ በሰሜን በኩል ለባሕር የተከፈተ ውኃ ነው። ስፋቱ 13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከጣና አራት እጥፍ ይበልጣል። ከደቡብ ወደ ሰሜን እየጠበበ ይሄድና በአንድ መተላለፊያ በኩል ከቬንዙዌላ ባሕረ ሰላጤ ጋር ይገናኛል። የማራካይቦ ከተማ ያለችው በዚህ መተላለፊያ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ውጊያው የተደረገውም እዚያው ከተማዋ ፊት ለፊት እንጂ ሰፊው የሐይቁ መሐል ላይ አልነበረም።

በሩ ክፍት ቢሆንም ደፍ አለው። መተላለፊያው ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ማዕበልና ወንዝ ያመጡት አሸዋ ተከምሮ ውኃውን አሳጥሮታል፤ በዚያ ዘመን ጥልቀቱ 4 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። አሸዋውን አልፎ ለሚገባ ደግሞ ታብላሶ የሚባል ሌላ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ስፔኖች በ17ኛው መቶ ዘመን የሠሩት የሳን ካርሎስ ምሽግ መግቢያው ላይ ተቀምጦ መድፉን ወደ መርከብ መሄጃው ደግኗል።

ያኔ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያልፍ መርከበኛ መጀመሪያ ጥልቀቱን ይለካል። ልኬት የተቋጠረበት ገመድ ጫፍ ላይ እርሳስ አስሮ ይጥላል። የእርሳሱ ታች ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሞራ ይቀባበታል፤ ሞራው ላይ ተጣብቆ የሚወጣው አሸዋ ወይም ጭቃ ወለሉ ምን እንደሆነ ይነግረዋል። ቀጥሎ መርከቡን ያቀላል፦ የውኃ በርሜል፣ ለሚዛን የተጫነ ድንጋይ፣ አንዳንዴም መድፉ ራሱ ወደ ትናንሽ ጀልባዎች ይወርዳል። ከዚያ የባሕሩ ውኃ ከፍ የሚልበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ነፋስን ከኋላው አድርጎ ይሄዳል። መርከቡ አሸዋ ከነካ መልህቅ በጀልባ ወደፊት ወስዶ ይጥልና ገመዱን በመዘውር እየጠቀለለ ራሱን ይጎትታል። ችግሩ ይህ ሁሉ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ መሆኑ ነው። ምሽግ እየተኮሰበት መድፉን የሚያራግፍ ሰው የሚመልስበት የለውም፤ ሳያራግፍ የሚገባ ደግሞ አሸዋው ላይ ሊቀር ይችላል።

ከስፔን ነፃ ለመውጣት የሚዋጉት የአርበኞቹ (ያኔ ቬንዙዌላንም የምታጠቃልለው የኮሎምቢያ ሪፐብሊክ ወገን) አዛዥ ሆሴ ፕሩደንሲዮ ፓዲያ እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1823 ሁለተኛውን መረጠና በምሽጉ እሳት ሥር ገባ። ግራን ቦሊቫር የተባለው መርከቡ አሸዋው ላይ ቀርቶ ጠፋ፤ ሌሎቹ ግን አለፉ።

የስፔን አዛዥ አንሄል ላቦርዴ ከፓዲያ የሚበልጡ መርከቦች ነበሩት። ኮንስቲቱሲዮን የተባለችው ፍሪጌትና ሴሬስ የተባለችው ኮርቬት ሁለቱም ለክፍት ባሕር የተሠሩ ከባድ መርከቦች ናቸው። በዚያው ሜይ ወር መጀመሪያ ላይ ፑኤርቶ ካቤዮ አቅራቢያ የኮሎምቢያን መርከቦች ያሸነፈው በእነሱ ነበር። ማራካይቦ ሲደርስ ግን ጥልቀቱ ስላልበቃቸው ሁለቱንም ውጭ ትቶ፣ ውስጥ ያሉትን አነስተኛ መርከቦች ይዞ ለመዋጋት ተገደደ። በእኛ አስተያየት ውጊያው ግማሽ በግማሽ ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ፓዲያ መርከቦቻቸው ከጠላት መርከብ ጋር እስኪነካኩ ድረስ ማንም እንዳይተኩስ አዘዘ ይባላል። መድፍ እያለው ዝም ብሎ እየተተኮሰበት መሄዱ ምን ይጠቅመዋል? ለእኔ እብደት ይመስለኛል።
— የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እብደት አልነበረም፤ ስሌቱን አብረን እንሥራው።

በዚያ ዘመን በብሪግና በስኩነር (ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ምሰሶ ቀላል መርከቦች ናቸው) ላይ ከሚጫኑት መድፎች አንዱን፣ ባለ 12 ፓውንዱን እንውሰድ። አረሩ 5.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አንድ ጊዜ ለመተኮስ የአረሩን ክብደት ሲሶ የሚያህል ባሩድ፣ ማለትም 1.8 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። ከተተኮሰ በኋላ መድፉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በገመድ ይያዛል። አንዱ መድፈኛ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ የበግ ቆዳ ውኃ ነክሮ ቱቦውን ይጠርጋል። ሌላው በጨርቅ የተቋጠረውን ባሩድ ይከታል፤ ባሩዱ በዱላ ተገፍቶ መጨረሻ ይደርሳል። ቀጥሎ አረሩ፣ ከዚያ አረሩ እንዳይንከባለል የገመድ ጭራሮ ጥቅልል ይገባል። መድፉ በገመድ ተስቦ በመስኮቱ ይወጣል። አለቃው በኋላ ቀዳዳ ሽቦ ሰዶ ቋጠሮውን ይበሳል፣ ደቃቅ ባሩድ ያፈስበታል፣ ያነጣጥራል፣ ይለኩሳል።

ከዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጠረጋው ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረ ፍም ካለ አዲሱ ባሩድ ገና ሲገባ ይነድና ዱላውን የያዘውን ሰው ክንድ ይወስደዋል። ስለዚህ የቸኮለ መድፈኛ ራሱን ይገድላል፤ ያልቸኮለ ደግሞ በሁለትና በሦስት ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሳል። ከ500 ሜትር በላይ ሆኖ፣ በሚናወጥ መርከብ ላይ ቆሞ የሚተኩስ ሰው መሳቱ አይቀርም ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ፍጥነቱን እንመልከት። ጥሩ ነፋስ ያገኘ ስኩነር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት የመጨረሻዎቹን 500 ሜትሮች ለመጨረስ አራት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ቆሞ የሚጠብቀው ወገን በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንድ መድፍ ሁለት ጊዜ ቢተኩስ ነው። የሚመጣው ወገን ግን ተረጋግቶ የጎረሰውን የመጀመሪያ ዙር እንደያዘ ይደርሳል። በውጊያ መካከል በጥድፊያና በጭስ ውስጥ ከሚጎረሱት ሁሉ የመጀመሪያው ዙር ይበልጣል፤ በአሥር ሜትር ርቀት ሲተኮስ ደግሞ የሚሳት የለም። ወዲያው ሜንጦ ተወርውሮ ሁለቱ መርከቦች ይተሳሰራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የጎራዴ፣ የሽጉጥና የአጭር ጦር ነው።

ሌላው ጥቅም ጭሱ ነው። የአርበኞቹ መርከቦች በምሥራቁ ዳርቻ፣ አልታግራሲያ አጠገብ ነበሩ። ስፔኖቹ በምዕራብ፣ ካፒታን ቺኮ በሚባለው ቦታ ፊት ለፊት መልህቅ ጥለው፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ተሰልፈው ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው ውኃ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ የራሳቸውም የጠላትም የባሩድ ጭስ ተጠራቅሞ የሚሸፍነው ስፔኖቹን ነው።

ስሌቱን ሊያፈርስ የሚችለው አንድ ነገር የነፋሱ መቆም ነው። ነፋሱ መሐል መንገድ ላይ ጸጥ ቢል የፓዲያ መርከቦች ሳይተኩሱ የሚመቱ ዒላማዎች ሆነው ይቀሩ ነበር። ጣና ላይ ጠዋት ውኃው ረግቶ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚበረታ ጀልባ ነጂዎቻችን ያውቃሉ፤ ማራካይቦ ላይም ሰዓቱን የመረጠው ነፋሱ ነው። ፓዲያ ጠዋቱን በዝግጅት አሳልፎ ሸራ የዘረጋው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር። ስፔኖቹ መተኮስ የጀመሩት 10 ሰዓት ሲቃረብ ነው። 10 ኪሎ ሜትሩን ለመሻገር አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ፈጀ ማለት ነው፤ ከላይ ካሰላነው ፍጥነት ጋር ይገጥማል።

የላቦርዴ ትልቁ ስሕተት መልህቅ ጥሎ መጠበቁ ነው ብለን እናምናለን። መልህቅ የጣለ መርከብ ፊቱን የሚያዞረው ነፋሱ ወይም የውኃው ፍሰት ወደወሰደው ነው፤ መድፉ ወደፈለገበት አይደለም። ይህን ለመከላከል ከመርከቡ ኋላ ሌላ ገመድ ወስዶ ከመልህቁ ገመድ ጋር ማሰር ይቻላል፤ ያን ገመድ በመሳብ የመርከቡ ጎን ወደ ጠላት ይዞራል። ጠላት ጎን ለጎን ተጣብቆ ከወጣ ግን ገመዱም አይጠቅምም። በመጨረሻ ስፔኖቹ ለመሸሽ የመልህቅ ገመዳቸውን በመጥረቢያ እየቆረጡ ሸራ ለመዘርጋት ሞከሩ፤ ከኋላቸው ዳርቻው ቅርብ ነበርና ብዙዎቹ አልተሳካላቸውም። ኤስፔራንሳ የተባለው መርከብ ፈነዳ፣ ሌሎች ተማረኩ፤ ላቦርዴ ራሱ ጥቂት ይዞ ወደ ምሽጉ አመለጠ። በአርበኞቹ ዘገባ መሠረት ከእነሱ ወገን 44 ሰው ሞቶ 119 ቆሰለ፤ ከስፔን ወገን ከ400 በላይ ተማረከ።

ጥያቄ፦ በደንገል ታንኳ እንዲህ ያለ ውጊያ ማድረግ ይቻላል?
— ከዘጌ

መልስ፦ ሰው ለማሻገር እንጂ ለመድፍ አይሆንም። ረጅሙ ባለ 12 ፓውንድ መድፍ ብቻውን 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ለቅርብ ርቀት የሚሠራው አጭሩ ዓይነት፣ ካሮኔድ የሚሉት፣ 3 ኩንታል ገደማ ነው፤ ይህን ትልቅ ታንኳ ሊሸከመው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ሲተኮስ የሚገፋበት ኃይል የሚያርፈው የመድፉ ገመዶች የታሰሩበት እንጨት ላይ ነው። ደንገል እንዲህ ያለ ምት የሚይዝ አጥንት የለውም፤ ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ታንኳውም ይገለበጣል። ማራካይቦ ላይም ትናንሽ የቀዘፋ ጀልባዎች ነበሩ፤ እነሱ ግን ከሳንቃ የተሠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ስንት ይውላል? ቦሊቫርስ እዚያ ነበር?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሐሙስ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1815 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ጁላይ 24 ሐምሌ 17 ላይ ስለሚውል ብዙ ሰው በአንድ ቀን ይሳሳታል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር። እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦር ላይ ነበሩ።

የነፃነት ትግሉ መሪና የኮሎምቢያ ፕሬዚዳንት ሲሞን ቦሊቫር እዚያ አልነበረም። ውጊያው 40ኛ ዓመት ልደቱ ላይ ቢውልም እሱ በዚያ ሰሞን ሩቅ ደቡብ፣ በዛሬዋ ኢኳዶር ነበር። ቦጎታ ላይ መንግሥቱን የሚመራው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሳንታንዴር ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ፓዲያ ማንነት ብትጽፉልን። በኋላ በራሱ ወገን ተገደለ የሚባለው እውነት ነው?
— የመጽሔቱ ደንበኛ፣ ዘጌ

መልስ፦ እውነት ነው፤ የዚህ ጦርነት አሳዛኝ ገጽም ይኸው ነው።

ፓዲያ እ.ኤ.አ. በ1784 በዛሬዋ ኮሎምቢያ፣ በሪዮአቻ ተወለደ። ዘሩ ከአፍሪካም የሚመዘዝ፣ በስፔን ሕግ ከነጮች በታች የተመደበ ቤተሰብ ልጅ ነበር። በልጅነቱ በስፔን የጦር መርከብ ተቀጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1805 ትራፋልጋር ላይ ለስፔን ተዋግቶ በእንግሊዞች ተማረከና እስከ 1808 በእስር ቆየ። ከመርከበኛነት ተነሥቶ አድሚራል የሆነ ሰው ነው። ከላይ ያየነው የነፋስና የመልህቅ ዕውቀት ከትምህርት ቤት የመጣ አልነበረም። አብሮት ከተዋጉት አንዱ የኒው ኦርሊንስ ተወላጁ ሬናቶ ቤሉቼ ነው።

ድሉ የሚያኮራ ነበር። የስፔኑ ጄኔራል ፍራንሲስኮ ቶማስ ሞራሌስ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1822 ጀምሮ ማራካይቦን ይዞ ነበር፤ ከባሕር ስንቅ የሚመጣበት መንገድ ሲዘጋ ኦገስት 3 ቀን 1823 የመውጣት ስምምነት ፈርሞ ወደ ኩባ ሄደ። በቬንዙዌላ ምድር የቀረው የመጨረሻው የስፔን ይዞታ ፑኤርቶ ካቤዮ ደግሞ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ወደቀ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ፓዲያ ካርታሄና ላይ ከጄኔራል ማሪያኖ ሞንቲያ ጋር ተጋጨ። ጠቡ የሥልጣንም የቀለምም ነበር፤ ፓዲያ የጥቁሮችና የክልሶች ወገን አለኝታ መሆኑ ገዢዎቹን ያስፈራቸው ነበር። ተይዞ ቦጎታ ታሰረ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1828 ሌሊት ቦሊቫርን ሊገድሉ የተነሡ ሰዎች እስር ቤቱን ሰብረው ፓዲያ ዘንድ ገቡ፤ ጠባቂውንም መኮንን ገደሉ። ሙከራው ከሸፈ። ፓዲያ የሤራው ተካፋይ ነህ ተብሎ ኦክቶበር 2 ቀን ቦጎታ አደባባይ ላይ ተረሸነ። በዚያው ጉዳይ ሞት የተፈረደበት ሳንታንዴር ግን ቅጣቱ ወደ ስደት ተለወጠለት። ቦሊቫር ይህ መበላለጥ በኋላ እንደቆጨው ጽፏል። ዛሬ የኮሎምቢያ የባሕር ኃይል መኮንኖች ትምህርት ቤት በፓዲያ ስም ይጠራል፤ በኮሎምቢያም በቬንዙዌላም ጁላይ 24 የባሕር ኃይል ቀን ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ይህን ውጊያ ለተማሪዎቼ በግቢ ውስጥ ማሳየት እፈልጋለሁ። በምን መልክ ላዘጋጀው?
— ከጎርጎራ

መልስ፦ አንድ ኪሎ ሜትርን በአንድ ሜትር ይመንዝሩ። ከአሸዋው መግቢያ እስከ ማራካይቦ ከተማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 40 ሜትር ርዝመት ያለው ሜዳ ያስፈልግዎታል። ቦታ ካጠረ ከተማዋ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ፣ 10 ሜትር በ15 ሜትር፣ ይውሰዱ። ዳርቻዎቹን በኖራ ወይም በአመድ ያስምሩ። ከሁሉ በፊት ሰሜንን ይለዩ፤ ባሕሩ በሰሜን፣ ማራካይቦ በምዕራብ፣ አልታግራሲያ በምሥራቅ መሆን አለባቸው።

አሥር ተማሪዎች በምዕራቡ መስመር ላይ ይቁሙ። እያንዳንዳቸው ወገባቸው ላይ በታሰረ የሁለት ሜትር ገመድ ከችካል ጋር ይያዙ፤ ይህ መልህቃቸው ነው። ሌሎቹ አሥር ከምሥራቅ ይነሣሉ። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነውና ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ መሄድ ይፈቀድላቸዋል፤ ወደመጡበት መመለስ አይችሉም። የታሰሩት የወረቀት ኳስ ከመጀመሪያው መወርወር ይችላሉ፤ ከአንድ ውርወራ በኋላ ግን እስከ 30 ጮክ ብለው ቆጥረው ነው ሌላ የሚያነሡት። የሚመጡት ክንድ ርቀት እስኪደርሱ አይወረውሩም። አካሄዳቸው ተረከዝ በጣት እየነካ፣ በዝግታ ይሁን። ሮጠው ከደረሱ ትምህርቱ ይበላሻል፤ የታሰሩት አንድም ጊዜ የመወርወር ዕድል ሳያገኙ ያልቃል።

ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ያድርጉት። በሁለተኛው ዙር ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ፉጨት ይንፉና "ነፋሱ ቆመ" ብለው እስከ 100 ድረስ ባሉበት ያቁሟቸው። ፓዲያ ለምን ሰዓት እንደመረጠ ተማሪዎቹ ያኔ ይገባቸዋል። ገመዱ አንገት አጠገብ እንዳይታሰርና ችካሎቹ እግር እንዳይመቱ ጨርቅ ይጠምጥሙባቸው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ሁለት ነገር አለ። ይህን ውጊያ ከካራቦቦ ጋር ያምታታሉ፤ ካራቦቦ በየብስ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1821 የተደረገ ነው። ካርታ ከኢንተርኔት ሲያወርዱ ደግሞ ሐይቁ ላይ ያለውን ረጅም ድልድይ አብረው ይስሉታል፤ ድልድዩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

ጥያቄ፦ በእነዚያ ጦርነቶች ሐይቅ አጠገብ የተደረገ ሌላ ውጊያ አለ?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ አለ፤ ፔሩ ውስጥ በሁኒን ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1824 የተደረገው ነው። ውጊያው የተደረገው ግን ውኃው ላይ ሳይሆን ሜዳው ላይ፣ በፈረሰኞች ነው። ከፍታው 4,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጉና ተራራ ጫፍ ጋር ይቀራረባል፤ ከቆላ የመጣ ሰውና ፈረስ እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቦሊቫር በዚህኛው ነበር። አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ በጦርና በሰይፍ ብቻ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የስፔኑ ጄኔራል ካንቴራክ ፈረሰኞች ተሸንፈው ሸሹ።